ያላረጀውን ስለ መለወጥ

ሰው በእጁ ያለውን ዕቃ በሌላ የሚለውጥባቸው ምክንያቶች ቢቈጠሩ ከሦስት እምብዛም አያልፉም። አንደኛው ያለው ሲበላሽ ነው፤ ሁለተኛው ያለው ለሥራው ሲያንስ ነው፤ ሦስተኛው ያለው ሲሰለቸው ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለሁሉ ግልጽ ስለ ሆኑ ክርክር አያስነሡም። ሦስተኛው ግን በራሱ ስም ተጠርቶ አይመጣም። ዘወትር የሁለቱን ልብስ ለብሶ ስለሚቀርብ ጠንቅቀን ልንመረምረው ይገባናል።

ይህን ነገር እንድናነሣ ያደረገን በአሜሪካ አገር በዋሽንግተን ከተማ አካባቢ የሚኖር አንድ ምእመን ያቀረበልን ጥያቄ ነው። ይህ ወንድም ከሦስት ዓመት በፊት አንዲት አነስተኛ አውቶሞቢል በሊዝ ወሰደ። ውሉ ሊያልቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ሻጩ ስልክ ደውሎ፥ መኪናዋን መልሶ የዘንድሮውን ሞዴል እንዲወስድ ጋበዘው። አዲሲቱ ስሟ ያው ነው፤ መልኳም ያው ነው ለማለት ይቻላል። የያዛት መኪና አልተበላሸችም፤ ለሥራውም አላነሰችውም። ወንድማችንም፦ «ብለውጥ ምን ክፉ ነገር አለበት? ባልለውጥስ ምን በጎ ነገር አለበት?» ሲል ጠየቀን። ጥያቄው ትንሽ ይመስላል፤ ስለ መኪና ብቻ ቢሆን ኖሮም ለእኛ ሳይሆን ለመካኒክ በቀረበ ነበር። ዳሩ ግን ሰው ስለ ዕቃው፥ ስለ ዕዳውና ስለ ባልንጀራው ያለው አሳብ በእንደዚህ ያለው ትንሽ ነገር ውስጥ ስለሚገለጥ፥ መልሱን ከአንባብያን ሁሉ ጋራ ሆነን ብንፈልገው ይሻላል።

አስቀድመን የነገሩን አካሄድ እናስረዳ። «ሊዝ» የሚለውን ቃል እኛ በአገራችን በይበልጥ የምናውቀው ከከተማ ቦታ ጋራ ተያይዞ ነው። በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ መሠረት ለመኖሪያ ቤት የሚሰጥ ቦታ እስከ 99 ዓመት ይያዛል፤ የያዘውም ሰው ቤት ሠርቶበት፥ ልጆች አሳድጎበት፥ ለወራሾቹ ሊያስተላልፈው ይችላል። በአሜሪካ የመኪና ሊዝ ግን ዕድሜው አጭር ነው፤ ብዙውን ጊዜ 36 ወር ነው። ተከራዩ በየወሩ ይከፍላል፤ ኢንሹራንሱን ይገባል፤ ዘይቷን ያስለውጣል፤ መኪናዋ ግን የአከራዩ ድርጅት ንብረት እንደ ሆነች ትኖራለች። በዓመት የሚነዳው ርቀት በውሉ የተወሰነ ነው፤ እርሱም ብዙ ጊዜ ከ10,000 እስከ 15,000 ማይል ይደርሳል። ከዚያ ላለፈው ለእያንዳንዱ ማይል ከ15 እስከ 25 ሳንቲም ያህል ይጠየቃል። ውሉ ሲያልቅ ሦስት መንገዶች አሉት፤ መኪናዋን መልሶ መሄድ፥ በውሉ ላይ አስቀድሞ በተጻፈው ቀሪ ዋጋ መግዛት፥ ወይም መልሶ ሌላ መውሰድ ነው።

ይህ አሠራር የተሰወረ ማታለል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው የአሜሪካ ሕግ አከራዩ ወጪውንና ግዴታውን ከፊርማው በፊት በጽሑፍ እንዲገልጥ ያስገድደዋል። መከራየትም በራሱ ነውር አይደለም። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 22 ስለ ተዋሰና ስለ ተከራየ ከብት ሕግ ተሰጥቶ፥ ኪራይ እንደ ቅን ውል ተቈጥሮአል። ስለዚህ የምንመረምረው ሊዝ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም የሚለውን አይደለም። የምንመረምረው ያላረጀውን፥ ያልጐደለውን ነገር መልሶ የእርሱን አምሳያ መውሰድ ምን ማለት እንደ ሆነ ነው።

አምሳያ ስንል በከንቱ አይደለም። ፋብሪካዎች አንዲትን መኪና ከመሠረቷ የሚለውጧት በየዓመቱ አይደለም፤ ብዙዎቹ በአምስት ወይም በስድስት ዓመት አንድ ጊዜ ይለውጧትና በመካከሉ ፊቷን ጥቂት ያድሱታል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ የምትሠራውን፥ እስከ 2021 ድረስም 50 ሚሊዮን ያህል የተሸጠችውን፥ በአዲስ አበባም በዋሽንግተንም መንገድ የምትታወቀውን ቶዮታ ኮሮላን እንውሰድ። ዐሥራ ሁለተኛው ትውልድ የሚባለው ኮሮላ በአሜሪካ የ2020 ሞዴል ሆኖ ወጣ። በ2023 ሞዴል ላይ የፊት መብራቱ፥ ስክሪኑና አደጋ ለመከላከል የሚረዳው መሣሪያ ታደሱ፤ አካሏ ግን ያው ነው። እንግዲህ በእንደዚህ ያለ ትውልድ መካከል መኪናውን መልሶ አዲሱን የሚረከብ ሰው፥ ቀለሙን ካልለወጠ በቀር፥ ጎረቤቱ እንኳ መለወጡን ላያውቅ ይችላል። አባቶቻችን ለዚህ ዓይነቱ ነገር «ከእጅ አይሻል ዶማ» የሚል ምሳሌ ነበራቸው።

ታዲያ ይህ የየዓመቱ አዲስነት ከየት መጣ? ሄንሪ ፎርድ እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1927 ድረስ ሞዴል ቲ የተባለውን መኪና ሲሠራ አሳቡ አንዱ ከሌላው የማይለይ፥ ዋጋው የሚቀንስ፥ ለመጠገንም የሚቀል መኪና ለሕዝብ ማቅረብ ነበር፤ ከ15 ሚሊዮንም በላይ ሠራ። ተወዳዳሪው ጄኔራል ሞተርስ ግን ሌላ መንገድ ያዘ። ይህ ኩባንያ በ1919 ገዢው በየወሩ እየከፈለ መኪና እንዲወስድ የሚያበድር ድርጅት አቋቁሞ ነበር። በ1923 አልፍሬድ ስሎን መሪው ከሆነ በኋላ ደግሞ የመኪናውን መልክ በየዓመቱ የመለዋወጥ ልማድ አጸና። በዚህ ውድድር ፎርድ ተሸንፎ በ1927 ሞዴል ቲን አቆመ። ያን ጊዜ ሁለት ነገሮች ተጋቡ፤ አንዱ የሚታደስ መልክ፥ ሁለተኛው በየወሩ የሚከፈል ዕዳ ነው። የዛሬው የመኪና ሊዝ የእነዚህ የሁለቱ ልጅ ነው ብንል አንሳሳትም።

በጄኔራል ሞተርስ የምርምር ክፍል ኃላፊ የነበረው ቻርልስ ኬተሪንግ እ.ኤ.አ. በ1929 ባወጣው ጽሑፍ፥ ገዢው በያዘው ነገር ሳይረካ እንዲኖር ማድረግ እንደሚያስፈልግ በግልጽ ተናገረ። ይህን ሰምቶ ወዲያው መቈጣት ይቀላል። ነገር ግን ፍርዳችን ቅን ይሆን ዘንድ የሰውየውን ሥራም እንመልከት። ከእርሱ በፊት የመኪና ሞተር የሚነሣው በእጅ በሚዞር ብረት ነበር፤ ብረቱም ወደ ኋላ ሲመለስ የብዙ ሰዎችን ክንድ ይሰብር ነበር። ኬተሪንግ በዚህ አልረካምና ሞተሩን በኤሌክትሪክ የሚያስነሣ መሣሪያ ሠራ፤ የ1912 ካዲላክም በዚሁ መሣሪያ ተሸጠ። እንግዲህ አለመርካት ሁሉ ክፉ አይደለም። ክንድ በሚሰብር ብረት አለመርካት ለሰው ማሰብ ነው። ትናንት አዲስ ስለ ነበረ ዛሬ ግን አዲስ ስላልሆነ ብቻ በአንድ ነገር አለመርካት ከዚህ የተለየ ነው። የፊተኛው ጉዳትን ይጠላል፤ የኋለኛው ጊዜን ይጠላል። በአንድ ስም ቢጠሩም አንድ አይደሉም።

አሁን ለወጥ ለማድረግ የሚከራከሩትን ሰዎች እንስማ፤ ቃላቸው ከንቱ አይደለምና። በመጀመሪያ እንዲህ ይላሉ፤ የአዲስ መኪና የፋብሪካ ዋስትና ብዙውን ጊዜ ሦስት ዓመት ወይም 36,000 ማይል ነው። ስለዚህ በየሦስት ዓመቱ የሚለውጥ ሰው ድንገተኛ የጥገና ወጪ አያገኘውም። ሌሊት በሆስፒታል የምትሠራ፥ አውቶቡስ በማይደርስበት ሰፈር የምትኖር እናት መኪናዋ ማለዳ አልነሣ ብትላት ሥራዋን ልታጣ ትችላለች። ለእርሷ በየወሩ የታወቀ ገንዘብ መክፈል ጥንቃቄ እንጂ ቅንጦት አይደለም። ሁለተኛም አዲስ መኪና ሕይወትን የሚያድን ነገር ይዞ ሊመጣ ይችላል ይላሉ። እውነት ነው፤ ለምሳሌ በአሜሪካ ከ2018 ጀምሮ ማንኛውም አዲስ አነስተኛ መኪና የኋላውን የሚያሳይ ካሜራ እንዲኖረው በሕግ ታዝዞአል፤ ይህም ከመኪና ኋላ የሚጫወቱ ሕፃናት እንዳይረገጡ የተደረገ ነው። ሦስተኛም የተመለሰችው መኪና አትጣልም፤ አዲስ ለመግዛት አቅም ለሌለው ሰው ትሸጣለች፤ ስለዚህ ባክኖ የሚቀር ነገር የለም ይላሉ።

እነዚህን ሦስቱን በየተራ እንመዝናቸው። ስለ ጥገና የተባለው በእውነት ለተቸገረ ሰው እውነት ነው፤ በሌሎቻችን ዘንድ ግን ፍርሃቱ ከአደጋው ይበልጣል። በአሜሪካ መንገድ ላይ የሚሄዱት መኪኖች ዕድሜ በአማካይ ከ12 ዓመት በላይ ነው። ከዚህ አንጻር ዘይቷ በጊዜው የተለወጠላት የሦስት ዓመት መኪና ገና ልጅ ናት። ስለ ደኅንነት የተባለው ደግሞ አዲሲቱ ያንን የሚያድን ነገር በእውነት ስትይዝና አሮጌይቱ ሳትይዝ ብቻ ይሠራል። የኋላ ካሜራ የሌላትን ካሜራ ባላት የለወጠ አባት በቂ ምክንያት አለው፤ ሁለቱም ካሜራ ካላቸው ግን ምክንያቱ ከእርሱ ጋራ የለም። ሦስተኛውንም አንክድም፤ ብዙ ድሆች ከሀብታሞች በተመለሱ መኪኖች ይጠቀማሉ። ሆኖም የመለሰው ሰው ለዚያ ድሃ አስቦ አልመለሰምና ይህን እንደ ምጽዋት ሊቈጥረው አይችልም።

እንግዲህ ጥፋቱ ካለ ወዴት ነው? እንደሚመስለን ጥፋቱ የሚጀምረው የቀን መቍጠሪያ በችግር ፈንታ ሲቀመጥ ነው። ውል የሚያልቅበት ቀን ለአከራዩ ትርጕም አለው፤ የሒሳቡ መዝጊያ ነውና። ለመኪናዋ ግን ትርጕም የለውም፤ በሠላሳ ስድስተኛው ወር የመጨረሻ ቀን ያለችው መኪና በማግስቱ ካለችው መኪና አትለይም። ሰው ግን የውሉን መጨረሻ የመኪናዋ መጨረሻ አድርጎ ያየዋል፤ «ጊዜዋ ደረሰ» ይላል። ማን ነው ጊዜዋን የወሰነው? ከሦስት ዓመት በፊት የተጻፈ ወረቀት ነው። ከዚህ በኋላ ሰውዬው ስለ ፍላጎቱ ራሱን አይጠይቅም፤ ቀኑ ስለ እርሱ ይወስንለታል። ክርስቲያን ለባርነት እንዳልተጠራ እናስተምራለን፤ ባርነትም ሁልጊዜ በሰንሰለት አይመጣም። አንዳንድ ጊዜ ራሳችንን ልንጠይቀው የሚገባንን ጥያቄ ሌላ ሰው ሲመልስልን ደስ እያለን ይመጣል።

አሠራሩም ይህንን ያግዛል። ብዙዎቹ አከራዮች መኪናውን መልሶ የሚሄደውን ሰው የመመለሻ ክፍያ ብለው ጥቂት መቶ ዶላር ያስከፍሉታል፤ ከዚያው ፋብሪካ ሌላ መኪና ቢወስድ ግን ብዙ ጊዜ ይህን ይተውለታል። አንዳንዴም ውሉ ሳያልቅ መጥቶ አዲስ ለሚወስድ የመጨረሻዎቹን ወራት ክፍያ ይምሩታል። ስለዚህ ለመውጣት የሚከፍል፥ ለመቈየት የሚማር ሰው ወደ አምሳያዋ ቢመለስ አይደንቅም። ሻጩን እንደ ክፉ ሰው አንቈጥረውም፤ ንግዱን ያካሂዳል፤ ያቀረበውም በውሉ የተጻፈ ነው። ነገር ግን ስጦታ መስሎ የቀረበው ነገር ምን እንደሚያስከፍል መቍጠር የተቀባዩ ድርሻ ነው።

እስቲ እንቍጠረው። ቍጥሩ ለማስረዳት ያህል የቀረበ ምሳሌ እንጂ የማንም ሰው ሒሳብ አይደለም። የአንዲት አነስተኛ መኪና ዋጋ 24,000 ዶላር፥ ከሦስት ዓመት በኋላ ያለው ቀሪ ዋጋ 15,000 ዶላር ቢሆን፥ ተከራዩ በሦስት ዓመት የሚከፍለው በመሠረቱ የዋጋውን መቀነስ 9,000 ዶላር ነው፤ ይህም በወር 250 ይሆናል። ለድርጅቱ የሚከፈለው ወለድ መሰል ክፍያ ሲጨመርበት በወር 350 ያህል ይደርሳል እንበል። በየሦስት ዓመቱ የሚለውጥ ሰው በ12 ዓመት ውስጥ 50,400 ዶላር ይከፍላል፤ በመጨረሻውም ቀን በእጁ አንዳች የለውም። ሌላው ሰው ከመጀመሪያው ሊዝ በኋላ፥ 12,600 ዶላር ከፍሎ፥ ያችኑ መኪና በ15,000 ቢገዛትና በቀሩት ዘጠኝ ዓመታት ለጎማ፥ ለፍሬን፥ ለልዩ ልዩ ጥገናና ለወለድ 10,000 ቢያወጣ፥ ድምሩ 37,600 ይሆናል። ልዩነቱ 12,800 ዶላር ነው። በወር ሲከፈል 89 ዶላር ያህል ይሆናል።

89 ዶላር ብዙ አይደለም የሚል ይኖራል። ይሁን እንጂ ይህ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ እንጠይቅ። በባዕድ አገር ያሉ ልጆቻችን ብዙዎቹ ከደመወዛቸው ለእናታቸው መድኃኒት፥ ለወንድማቸው የትምህርት ቤት ክፍያ ይልካሉ። ከወሩ መጨረሻ የሚጐድለው ይህ መላኪያ ነው። የመኪናው ክፍያ በውል የታሰረ ስለ ሆነ ሊዘገይ አይችልም፤ የእናት መድኃኒት ግን የሚያስፈርም ውል ስለሌለው «በሚመጣው ወር» ይባላል። ሉተር በትንሹ ካቴኪዝም ውስጥ ሰባተኛውን ትእዛዝ ሲያስረዳ፥ አለመስረቅ ብቻውን እንደማይበቃ፥ የባልንጀራን ሀብትና ኑሮ እንዲሻሻልና እንዲጠበቅ መርዳትም እንደሚገባ አስተምሮአል። እንዲህ ከሆነ ገንዘባችን አስቀድሞ ለማያልቅ ክፍያ በመታሰሩ የማንረዳው ባልንጀራ በዚህ ትእዛዝ ፊት ይቆማል። በሊዝ ላይ ያለው ከባዱ ነገር ይህ ይመስለናል፤ ገንዘብ ማባከኑ ብቻ ሳይሆን፥ ክፍያው የሚያልቅበት ወር ስለሌለው፥ ሰው «አሁን ከፍዬ ጨረስኩ፤ ለሌላ እተርፋለሁ» የሚልበት ቀን አለመምጣቱ ነው።

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ እንዲህ ብሎ ሊቃወመን ይችላል፦ «ክርስቲያን በዚህ ዓለም የምንም ነገር ባለቤት አይደለም። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 እግዚአብሔር ምድሪቱ የእርሱ እንደ ሆነች፥ እስራኤልም በእርሱ ዘንድ እንግዶችና መጻተኞች እንደ ሆኑ አስታውቆአቸዋል። ታዲያ ሁሉን በኪራይ የሚይዝ ሰው ይህን እውነት ከባለቤቱ ይልቅ አያውቅምን?» ተቃውሞው ጥሩ ነው። በእርግጥ ሁላችንም የተከራየን ነን፤ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ተረትም ከመኪናችን አልፎ ቤታችንንና ዕድሜያችንን ይነካል። ነገር ግን መጋቢ መሆን ማለት የጌታውን ዕቃ ለተወሰነ ጊዜ በጥንቃቄ ይዞ መመለስ ብቻ አይደለም። ጭረቱን የሚፈራ ተከራይ የሚፈራው ሲመልስ የሚጠየቀውን ገንዘብ ነው፤ በአራተኛው ዓመት መኪናዋ ምን እንደምትሆን አያስብም፤ ያን ጊዜ ከእርሱ ጋራ አትኖርምና። መጋቢ ግን የተሰጠው ነገር ከእርሱ በኋላ ለማን እንደሚሆን ያስባል። ባላገር የሰው መሬት ቢያርስ እንኳ ለሚመጣው ዘር ሲል እርከኑን ይጠብቃል። መጋቢነት ጊዜን የሚጠይቅ ነው፤ ሦስት ዓመት ብቻ ያየነውን ነገር ግን ገና ማወቅ ሳንጀምር እንለየዋለን።

ዕቃን እስኪያረጅ ይዞ መኖር ከቁጠባ ሌላ የሚያስተምረው ነገር አለ። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 8 ሙሴ እስራኤልን በምድረ በዳ የተደረገላቸውን ቸርነት ሲያሳስባቸው፥ በ40 ዓመት ውስጥ ልብሳቸው እንዳላረጀ ይነግራቸዋል። ልብ እናድርግ፤ በዚያ ስፍራ በረከት ተብሎ የተቈጠረው በየሦስት ዓመቱ አዲስ ልብስ መልበስ አልነበረም፤ የለበሱት መቈየቱ ነበር። እንዲሁም በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 11 የተጻፈውን እናስብ። መና በየማለዳው ይወርድ ነበር፤ ማንም አልተራበም፤ ሕዝቡ ግን በድንኳኑ ደጃፍ አለቀሰ። ያስለቀሰው ረኃብ አልነበረም፤ መሰልቸት ነበር። ሲያለቅስም ረኃብተኛ መስሎ አለቀሰ።

ደግሞም ሁሉን አዲስ በሆነበት ወራት ብቻ የሚያውቅ ሰው ጉድለት ባለው ነገር መታገሥን አይለማመድም። የአሮጌ መኪና ባለቤት በሩ በብርድ ጊዜ እንዴት እንደሚዘጋ፥ ፍሬኑ መቼ ድምፅ እንደሚያሰማ ያውቃል፤ ጠግኖ ይኖራል። ይህ ትዕግሥት በመኪና ላይ ቢጀምር በመኪና ላይ አይቀርም። እኛም ራሳችን እናረጃለን፤ ወላጆቻችን ያረጃሉ፤ ትዳራችን ዓመታትን ይቈጥራል፤ ቤተ ክርስቲያናችንም የተሰነጠቀ ግድግዳ አላት። ከሠላሳ ስድስተኛው ወር በኋላ ምን እንደሚደረግ ያልተማረ ልብ ለእነዚህ ሁሉ እንዴት ይበቃል? ሰው ዕቃውን እንደ ለወጠ ወዳጁን ይለውጣል አንልም፤ ይህ ማጋነን ነው። ነገር ግን የታመኑ ሰዎች ታማኝነትን የሚማሩት ከትንሹ ነገር ጀምረው እንደ ሆነ ጌታችን አስተምሮአል።

ያለን ነገር ምን ያህል በቂ እንደ ሆነ የምናውቀው አንዳንድ ጊዜ ሌላ ስናጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 እና በ2022 ለመኪና የሚያስፈልገው የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ በዓለም ሁሉ ስላጠረ ፋብሪካዎች ሥራቸውን ቀነሱ፤ አዲስ መኪና ጠፋ። በአሜሪካ ያገለገሉ መኪኖች ዋጋ በ2022 መጀመሪያ ከአንድ ዓመት በፊት ከነበረው 40 በመቶ ያህል ከፍ ብሎ ተገኘ። በዚያን ጊዜ ብዙ ተከራዮች በውላቸው ላይ የተጻፈው ቀሪ ዋጋ ከገበያው እጅግ ያነሰ እንደ ሆነ አይተው መኪናቸውን ገዝተው አስቀሩ። በሌላ ዓመት ቢሆን ኖሮ ሳያስቡ ይመልሷት የነበረችው መኪና እነሆ እንደ ዕንቍ ተቈጠረች። መኪናዋ ግን ያችው ነበረች። ከዚህ የምንማረው፥ በቀድሞዎቹ ዓመታት «ጊዜዋ ደረሰ» ያሰኘን ነገር በመኪናዋ ውስጥ እንዳልነበረ ነው።

እንግዲህ ለጠየቀን ወንድም የምንመልሰው ይህ ነው። ብትለውጥ ኃጢአት ሠራህ አንልህም፤ ያልታዘዘውን ሕግ በሰው ጫንቃ ላይ መጫን አይገባንምና። ነገር ግን ከመፈረምህ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ለራስህ አቅርብ። አንደኛ፦ ውሉ በዚህ ወር ባያልቅ ኖሮ ይህችን መኪና ለመለወጥ ታስብ ነበርን? ሁለተኛ፦ አዲሲቱ የምታደርግልህ፥ ይህችኛይቱ ግን ያላደረገችልህ ነገር ምንድር ነው? «አዲስ» የሚለውን ቃል ሳትጠቅስ በአንድ መስመር ልትጽፈው ትችላለህን? የደኅንነት ነገር ከሆነ፥ የሥራህ ርቀት ተለውጦ ከሆነ፥ ቤተሰብህ በዝቶ ከሆነ መስመሩ በቀላሉ ይጻፋል፤ ያን ጊዜ በሰላም ለውጥ። መስመሩ ባዶ ከቀረ ግን ባዶነቱ መልስህ ነው፤ መኪናዋ ጤነኛ፥ ቀሪ ዋጋዋም ተገቢ እንደ ሆነ የታመነ መካኒክ አሳይተህ ብታስቀራት የተሻለ ነው እንልሃለን።

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁለቱ ይከብዳል፦ የሚተርፍህ ገንዘብ ለማን ይውላል? አሮጌ መኪና መንዳት በራሱ ጽድቅ አይደለም። ገንዘቡን ለማከማቸት ሲል በአሮጌ መኪና የሚሄድ ስስታም ሰው፥ በአዲስ መኪና ከሚሄደው ቸር ሰው አይበልጥም። መጠገኑም መቈጠቡም መልካም የሚሆነው በመጨረሻው ላይ አንድ ሰው ሲያርፍበት ነው። ስለዚህ ውሳኔህን ስትወስን የሚተርፈውን ገንዘብ መድረሻ በስም ጻፍ። የእናትህን ስም፥ የታመመውን ጎረቤትህን ስም፥ ወይም ወደ ሥራ የሚሄድበት ያጣውን የማኅበርህን አባል ስም ጻፍ። ስም የሌለው ቁጠባ ብዙ ጊዜ ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል።

ለሌሎቻችሁም፥ የተወደዳችሁ አንባብያን ሆይ፥ አንድ ቃል እንጨምራለን። በጸሎት ቤታችን ደጅ የቆሙትን መኪኖች እያያችሁ በወንድማችሁ ላይ አትፍረዱ። አዲስ መኪና የያዘችው እህት ሌሊቱን ስትሠራ አድራ የምትመጣዋ ሊሆን ይችላል፤ አሮጌ መኪና የያዘውም ሰው ከእኛ የተሰወረ የስስት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። እያንዳንዱ ለጌታው ይቆማል ወይም ይወድቃል። ይህ ጽሑፍ የተጻፈው ሌላውን ለመመርመር ሳይሆን እያንዳንዳችን በእጃችን ያለውን፥ መኪና ለሌለንም ልብሱን፥ ስልኩንና የቤት ዕቃውን፥ አንድ ጊዜ አዙረን እንድናይ ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች በጻፈው መልእክት ያለኝ ይበቃኛል ማለትን እንደ ተማረ ይናገራል። እንደ ተማረ ማለቱን ልብ እንበል፤ ከእርሱ ጋራ የተወለደ ጠባይ አልነበረም። በማጣትም በማግኘትም ትምህርት ቤት ገብቶ ተማረው። እኛም ይህን ትምህርት የምንጀምርበት ክፍል ሩቅ አይደለም። ያልተበላሸ፥ ያላነሰ፥ ሥራውንም በትጋት የሚሠራ አንድ ዕቃ በቤታችን አለ። በእርሱ ፊት ቆመን «ይበቃኛል» ብለን በእውነት ለመናገር ከቻልን ትምህርቱ ተጀመረ። የዕለት እንጀራችንን የሚሰጠን ጌታ፥ እንጀራው በእጃችን ሳለ የምናውቅበትን ዓይን፥ የተረፈውንም የምናካፍልበትን እጅ ለሁላችን ይስጠን።